የቤት ፋይል ሰርቨር፡- የዕቃ ምርጫው ከመብራት ይጀምራል

ከአዲስ አበባ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኘው የደጀን ከተማ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርዶና የአባይን በረሃ አቋርጦ ዳገቱን የወጣን መንገደኛ በቀዝቃዛ አየር የምትቀበል የምሥራቅ ጎጃም በር ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተመሠረተችው ይህች ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ መለስተኛ ከተሞች ሁሉ ከአንድ ትውልድ በፊት የማይታወቅ ችግር ተጋርታለች። ችግሩም በየቤቱና በየሱቁ የተጠራቀመው የፎቶግራፍ፣ የድምፅ፣ የቪዲዮና የሰነድ ፋይል አስተማማኝ ማስቀመጫ ማጣቱ ነው።

የጥርና ከፋሲካ ማግሥት ያለው የሠርግ ወቅት ባለፈ ቁጥር አንድ ፎቶ ቤት በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋ ባይት ቪዲዮ ይተርፈዋል። መምህሩ የዓመታት የማስተማሪያ ጽሑፎቹን፣ ቤተሰቡ የልጆቹን ፎቶና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ቅጂ፣ ነጋዴው የሒሳብ መዝገቡን በአሮጌ ላፕቶፕ፣ በፍላሽና በስልክ በትኖ ይዟል። አንዱ ዕቃ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ በውስጡ የነበረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

በ1990ዎቹ ዓመታት ወረዳኔትና ስኩልኔት በተዘረጉበት ወቅት ሰርቨር ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው፣ በመሥሪያ ቤት ውስጥ በማቀዝቀዣ ክፍል ተቆልፎበት የሚጮህ ትልቅ ሣጥን ነበር። በአሁኑ ወቅት ግን ተመሳሳይ ተግባር የሚያከናውን መሣሪያ ከአንድ የጫማ ካርቶን በማይበልጥ ቦታ ተሰናድቶ ከቴሌቪዥን አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። ፋይል ሰርቨር ማለት በአጭሩ ዲስኮችን የያዘ፣ ሌት ተቀን የሚሠራና በቤት ውስጥ ኔትወርክ አማካይነት ለሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ፋይል የሚያድልና የሚቀበል ኮምፒውተር ነው። ተቆጣጣሪ ስክሪንም ሆነ የፊደል ገበታ ከተከላው በኋላ አያስፈልገውም።

ሁሉንም በኢንተርኔት አማካይነት በውጭ ድርጅቶች ማከማቻ ማስቀመጥ አይቀልም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለጥቂት ሰነዶች ይቀላል። ይሁን እንጂ 100 ጊጋ ባይት የሚመዝን የሠርግ ቪዲዮ በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ለመጫን መስመሩ ለአፍታ ሳይቋረጥ 44 ሰዓታት ይፈጃል። አገልግሎቱ በተለያዩ ምክንያቶች በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ፋይሉ የባለቤቱ ቢሆንም ባለቤቱ ሊያየው አይችልም። የቤት ሰርቨር የኢንተርኔት መኖር አለመኖር አይገደውም።

በኮምፒውተር ገዢዎች ዘንድ የተለመደው ቅደም ተከተል ከፕሮሰሰር ጀምሮ በፓወር ሰፕላይ የሚያበቃ ነው። ለደጀንና ለመሰል ከተሞች ግን ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል። ፋይል መስጠትና መቀበል ለዛሬ ፕሮሰሰር ቀላል ሥራ ሲሆን፣ ሰርቨርን የሚገድሉት በአመዛኙ የኤሌክትሪክ መዋዠቅና የዲስክ ብልሽት ናቸው። በመሆኑም ገንዘቡም ሐሳቡም አስቀድሞ መዋል ያለበት በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

በአገራችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚሰጠው በ220 ቮልት ነው። በተግባር ግን እንጀራ በሚጋገርበት ዕለት ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚስበው ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል ሲደበዝዝ ያላየ ሰው የለም። አምፖሉ ሲደበዝዝ ሰርቨሩም የሚያገኘው ቮልት ወርዷል ማለት ነው። በክረምት ወራት ደግሞ በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች የሚበረታው መብረቅ በመስመሩ በኩል የሚልከው ድንገተኛ ኃይል አለ። በተለምዶ ዲቫይደር የሚባለው ርካሽ ማከፋፈያ ከዚህ አይከላከልም፤ ብዙዎቹ በውስጣቸው ከመዳብ ቁራጭ በስተቀር ምንም የላቸውም። የመጀመሪያው ግዥ እንግዲህ ቮልት የሚያስተካክል ዩፒኤስ ሲሆን፣ ሶኬቱም ከምጣዱ መስመር የተለየና የመሬት ገመድ ያለው እንዲሆን ያስፈልጋል።

ዩፒኤስ ሲመረጥ ከጀርባው የዩኤስቢ መሰኪያ መኖሩን ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ዩፒኤስን መብራት እስኪመጣ የሚያቆይ ባትሪ አድርጎ ብቻ ያየዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ሰርቨሩ መብራት መጥፋቱን በዚያ ገመድ በኩል ሰምቶ፣ በሚሞሪው የያዘውን ወደ ዲስክ ጽፎ ሲጨርስ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ያስችለዋል። ጽሕፈት ላይ ሳለ ድንገት የጠፋ ዲስክ የሚያጣው አንድ ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፋይሎቹን አድራሻ የያዘው መዝገብ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ተግባር የሚያገለግለው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተሰኘው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ነው። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ዘወትር የሚገኘው ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከብክነቱ በኋላ 30 ዋት የሚበላን ሰርቨር አዲስ ሳለ በግርድፉ አንድ ሰዓት ገደማ ሊያቆይ ቢችልም፣ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክም መለወጫውን አስቀድሞ ማሰብ ተገቢ ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነሣው የፍጆታ ጉዳይ ነው። ሌት ተቀን የሚሠራ ዕቃ በዓመት 8 ሺህ 760 ሰዓት ይሠራል። 80 ዋት የሚበላ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር በዓመት 700 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 20 ዋት የሚበቃው አነስተኛ መሣሪያ 175 ብቻ ይፈጃል። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው እርከን የሚወጣ በመሆኑ ልዩነቱ በቢል ላይ ይታያል። ዝቅተኛ ፍጆታ የዩፒኤሱንም ዕድሜ ያራዝማል፤ አነስተኛ ሰርቨር መምረጥ ትርጉም የሚኖረውም ከቦታ ቁጠባው ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ፓወር ሰፕላይን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ እንጠቁም። አንደኛ፣ ባለ 3.5 ኢንች ሀርድ ዲስክ በሚነሣበት ቅጽበት በ12 ቮልት መስመር ላይ 2 አምፒር ገደማ ስለሚስብ፣ በሥራ ላይ ከ4 እስከ 8 ዋት ብቻ የሚበላው ዲስክ ሲነሣ ከ20 ዋት በላይ ይፈልጋል። ሁለት ዲስኮች አንድ ላይ ሲነሡ የማይበቃ ኃይል ሰጪ የሚያስከትለው ብልሽት ምክንያቱ ቶሎ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ አሮጌ ኮምፒውተር ሲሆን ጀርባው ላይ ያለው ቀይ መቀያየሪያ 115 ላይ መሆን አለመሆኑን ሳያዩ መሰካት አይገባም። በ115 እንደተመደበ 220 የተሰጠው ፓወር ሰፕላይ የሚቆየው ጢሱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዲስኩ እንለፍ። በዋጋና በሚይዘው መጠን ሲመዘን ሀርድ ዲስክ አሁንም ለብዙ ፋይል ተመራጭ ሲሆን፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን ለሰርቨሩ ሥርዓተ ክወና ማስቀመጫ በትንሽ መጠን ቢገዛ ይመረጣል። ሥርዓተ ክወናን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ላይ መጫን የሚቻል ቢሆንም፣ እነዚህ ለማያቋርጥ ጽሕፈት የተሠሩ ባለመሆናቸው ቶሎ ያረጃሉ።

በሀርድ ዲስክ ምርጫ ገዢው ሊያውቀው የሚገባ፣ በካርቶኑ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ተጽፎ የማይገኝ ልዩነት አለ። በተለመደው አሠራር የዲስኩ የጽሕፈት መስመሮች ጎን ለጎን ተለያይተው ይሰመራሉ፤ ይህ ሲኤምአር ይባላል። ኤስኤምአር በሚባለው አሠራር ደግሞ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ እንደሚደረብ ሁሉ መስመሮቹ ይደራረባሉ። በዚህም ተጨማሪ ፋይል በዚያው ስፋት ላይ ይያዛል። ነገር ግን ከመካከል ያለችውን ቆርቆሮ ለመለወጥ የተደረቡባትን ማንሣት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ አንድን መስመር ለማረም ተከታዮቹን እንደገና መጻፍ ግድ ይላል። ለማንበብ ችግር የለውም፤ ብዙ ሲጻፍበት ግን ፍጥነቱ እጅግ ይወርዳል፤ የተበላሸን ዲስክ በአዲስ ተክቶ ፋይሉን መልሶ ለመገንባት ሲሞከርም ሥራው ሊጓተት ወይም ሊከሽፍ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለሰርቨር ተብለው በሚሸጡት ሬድ በተሰኙት ዲስኮቹ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራ ባይት በሚይዙት ላይ ይህንኑ አሠራር ለገዢዎች ሳይገልጽ መጠቀሙ ታውቆ ከፍተኛ ቅሬታ ማስነሣቱ ይታወሳል። ኩባንያው በኋላ የየሞዴሉን ዝርዝር ይፋ አድርጓል። ስለሆነም ከመግዛት በፊት የዲስኩን የሞዴል ቁጥር ጽፎ በአምራቹ ዝርዝር ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገቡት ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች 1 ቴራና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ኤስኤምአር በመሆናቸው፣ ቦታ ይቆጥባሉ በሚል ብቻ ባይመረጡ መልካም ነው። ለደኅንነት ካሜራ መቅረጫ ተብለው የሚሸጡ ዲስኮች ሌት ተቀን እንዲሠሩ የተሰናዱ ስለሆኑ፣ ለሰርቨር የተሠራው ከገበያ ሲጠፋ ከተራው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ዲስክ ይሻላሉ።

አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ አዲስ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ በ2025 መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ ገበያ በሺዎች ለሚቆጠር ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች የሰዓት ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ መገኘታቸው ተዘግቧል፤ ኩባንያው እነዚህን ዲስኮች እሱ እንዳልሸጠ ገልጾ ነበር። በአውሮፓ የሆነው በመርካቶ ወይም በመገናኛ አይሆንም ለማለት አያስደፍርም። በነፃ በሚገኙ ሶፍትዌሮች አማካይነት ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መዝገብ ከፍቶ፣ የሠራበትን ሰዓትና ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎችን ብዛት በሱቁ ውስጥ እንዳሉ መመልከት ይቻላል። ሻጩ ይህን ለማየት ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሱቅ 512 ጊጋ ባይት ይይዛል ተብሎ የተገዛ ፍላሽ፣ የተገለበጠበትን ፋይል ሁሉ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለ። የፋይሎቹ ስምና መጠን በሥርዓቱ ይታያል። ሲከፈቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ 30 ጊጋ ባይት ገደማ ወዲያ ያሉት በሙሉ ባዶ ነበሩ። ፍላሹ ዕውነተኛ መጠኑን እንዲደብቅ ተደርጎ የተሠራ ሐሰተኛ ዕቃ ነበር። ከጠፉት መካከል ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የአባቴ ድምፅ ይገኝበታል፤ ካሴቱም ተገልብጧል በሚል ተጥሎ ነበር። ማንኛውንም ማከማቻ ከዳር እስከ ዳር ጽፈውና መልሰው አንብበው መጠኑን የሚፈትሹ፣ ኤፍ ስሪ የተሰኘውን የመሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች መኖራቸውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የደጀንን ከፍታ በሚመለከት ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ ጥያቄውም መሠረት አለው። በሀርድ ዲስክ ውስጥ ያለው የንባብ ራስ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው፤ አየሩ እጅግ ሲሳሳ ራሱ ሰሌዳውን ሊነካ ይችላል። በዚህ ምክንያት አምራቾች ለዲስኮቻቸው የከፍታ ወሰን ያስቀምጣሉ፤ የብዙዎቹ ወሰንም 3 ሺህ 48 ሜትር ገደማ ነው። ደጀንም ሆነች ደብረ ማርቆስ ከዚህ በታች በመሆናቸው ሥጋት የለም። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ በሚደርሰው በጮቄ ተራራ አናት አካባቢ ሰርቨር ለመትከል ያሰበ ሰው ቢኖር ግን ኤስኤስዲን ቢመርጥ ይሻላል።

ይልቁንም በደጀን የሚታየው የከፍታው ተፅዕኖ በማቀዝቀዝ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የአካባቢው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል። ቢሆንም ኬዙ ዲስኮቹን ጣት በሚያስገባ ክፍተት የሚለያይና ነፋስ የሚያሳልፍ ሊሆን ይገባል። በቁምሣጥን ውስጥ መዝጋት ወይም በፍሪጅ ራስ ላይ ማስቀመጥ አይመከርም። የማገዶና የዕጣን ጢስ ከአቧራ ጋር ተጣብቆ በማራገቢያው ላይ የሚያሳድረውን ጥቁር ቅባት የኮምፒውተር ጠጋኞች ሁሉ ያውቁታል። ስለሆነም ቡና ከሚፈላበትና ምግብ ከሚበስልበት ቦታ መራቅና መግቢያው ላይ ወንፊት ያለው ኬዝ መምረጥ ይበጃል።

ማዘርቦርድና ፕሮሰሰርን በሚመለከት ብዙ መጨነቅ አያሻም። እ.ኤ.አ በ2023 ለገበያ የቀረበው የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰርና መሰሎቹ 6 ዋት ገደማ በሚፈጅ አቅም የቤትን ሥራ ይሸፍናሉ። ሚኒ አይቲኤክስ በሚባለው፣ ወርዱና ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ተገጥመውም ይገኛሉ። ያገለገሉ የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ የቢሮ ኮምፒውተሮችም በዋጋቸው ተመራጭ ናቸው። መታየት ያለበት ከፕሮሰሰሩ ትውልድ ይልቅ ሁለት ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ የሚያስገባ ቦታና ሁለት የሳታ መሰኪያ መኖሩ ነው። እጅግ ትናንሾቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች የሚይዙት አንድ የላፕቶፕ ዲስክ ብቻ በመሆኑ፣ ገዢው ኋላ ላይ ዲስኮቹን በዩኤስቢ ገመድ ማንጠልጠል ይገደዳል። ገመዱ በተነካ ቁጥር የሚቋረጥ ዲስክ ደግሞ ለሰርቨር አይሆንም። በተጨማሪም መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይጫነው በራሱ እንዲነሣ የሚያዝ ምርጫ በባዮሱ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይጠቅማል። ሚሞሪው 8 ጊጋ ባይት ቢሆን ይበቃል።

እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉ የታይዋን ኩባንያዎች ዲስክ ብቻ የሚገባባቸውን ዝግጁ ሰርቨሮች ያቀርባሉ። ለአጠቃቀም ቀላል ናቸው፤ ሲበላሹ ግን መለዋወጫቸውን ከደብረ ማርቆስ ቀርቶ ከአዲስ አበባም ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። በየትኛውም ቢሆን ሰርቨሩን ከውጭ በኢንተርኔት እንዲታይ ማድረግ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ በ2022 ዴድቦልት የተሰኘ አጥፊ ሶፍትዌር ለኢንተርኔት ክፍት ሆነው የተገኙ የኪውናፕ መሣሪያዎችን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር።

ኔትወርኩን በሚመለከት በአንዳንድ የቤት ራውተሮች ላይ ያለው የገመድ መሰኪያ በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው 100 ጊጋ ባይት ቪዲዮ በዚህ መሰኪያ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲፈጅ፣ በጊጋ ቢት ስዊች ግን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ስዊቹ ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው።

ለሰርቨሩ የሚጫኑት እንደ ትሩናስና ኦፕንሚዲያቮልት ያሉ ሶፍትዌሮች ክፍያ የላቸውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ በመካተቱ የፋይል ስምን በአማርኛ መጻፍ ያለ ችግር ይቻላል፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በሊኑክስ ላይ በተለመደው ኤክስት ፎር በተሰኘው የፋይል አደረጃጀት የፋይል ስም ከ255 ባይት ሊበልጥ አይችልም። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድም የአማርኛ ስም ከ85 ፊደላት ካለፈ ፋይሉ አልገለበጥም ይላል። የሙሽሮቹን፣ የወላጆቻቸውንና የሚዜዎቹን ስም በሙሉ በፋይል ስም ላይ የሚጽፉ ፎቶ ቤቶች ይህ ቢገጥማቸው ዲስኩ ተበላሸ ብለው እንዳይጥሉት።

የዕቃዎቹን ዋጋ በብር ከመግለጽ የተቆጠብነው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ነው። በጀቱ ካልበቃ ግን መቀነስ ያለበት ከፕሮሰሰሩና ከሚሞሪው እንጂ ከዩፒኤሱ ወይም ከሦስተኛው ዲስክ አይደለም።

ሦስተኛው ዲስክ ምንድን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። በሰርቨሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ዲስኮች አንዱ የሌላው መስታወት ሆነው፣ በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላውም እንዲጻፍ ይደረጋል። አንዱ ሲሞት ሥራ አይቆምም። ሆኖም ልጅ በስሕተት የሰረዘው ፋይል ከሁለቱም ይሰረዛል፤ በመብረቅም ሁለቱ አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ለቦታ ቁጠባ የተመረጠው ትንሽ ሣጥን ለሌባም በብብት የሚያዝ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ዲስክ በወር አንድ ጊዜ ፋይሉ ተገልብጦበት ከቤት ውጭ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይቀመጣል። የደጀን ነዋሪ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ዘመድ አያጣም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ የሚያዝ ዲስክ 1 ቴራ ባይት ፋይል በጠዋት አውቶቡስ በላይ ከተጠቀሰው የኢንተርኔት መስመር ቀድሞ ያደርሳል። ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቢሆን ደግሞ በመንገድ ቢጠፋ እንኳ የቤተሰቡ ሰነድ ለማንም አይጋለጥም። ወደ ዘመድ ከመላኩ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ ከመጨረሻዎቹ ማኅደሮች አንዱ ተመርጦ፣ አንድ ቪዲዮ ተከፍቶ እስከ ፍጻሜው ሊታይ ይገባል።